የማዳም ማሪ ኩሪ ታሪክ፤ ከጨረር ጋር የሚሠሩ ሰዎች ስለ ምን እንደሚመዘገቡና እንደሚማሩ

በጅቡቲ ከተማ ወደብ ከመርከብ የሚወርደው ዕቃ ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል። ስሙ፣ ክብደቱ፣ የመጣበት አገርና የባለቤቱ ስም ሳይታወቅ ወደ ኢትዮጵያ በሚሄደው ባቡር ወይም ከባድ መኪና ላይ አይጫንም። ይህን ሥርዓት የአስተዳደርም ሆኑ የንግድ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። ነገር ግን በዓለም ላይ ከሚዘዋወረው ዕቃ መካከል ስሙንና ሚዛኑን መጻፍ ብቻ የማይበቃው ዓይነት አለ። ይኸውም ለሆስፒታል፣ ለላቦራቶሪና ለፋብሪካ የሚያገለግለው ጨረር አመንጪ ዕቃ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ዕቃ የሚነካው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ሥራውን ተምሮ እንደ ሆነና በሰውነቱ ላይ ያረፈው ጨረር ምን ያህል እንደ ሆነ ጭምር መጻፍ ያስፈልጋል።

አደገኛ ዕቃ ከሚይዘው ሰው ዕውቀት ቀድሞ ሲደርስ ምን እንደሚከተል ጅቡቲ ራሷ አይታለች። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2002 ለእንጨት መጠበቂያ እንዲሆን ወደ ኢትዮጵያ የተላከ፣ አርሴኒክ፣ ክሮሚየምና መዳብ ያለበት መርዛማ ፈሳሽ በወደቡ ላይ ከኮንቴይነሮቹ ፈስሶ መሬቱን በክሎት ነበር። ያ ፈሳሽ በዓይን የሚታይ ነበረ፤ ጨረር ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ ሲነኩትም አያቃጥልም፤ ጉዳቱን የሚገልጠው ቆይቶ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ጠባቂው ዓይን ሳይሆን ትምህርትና መዝገብ ነው። ይህም ሥርዓት ብዙ ሕይወት ተከፍሎበት የተገኘ ሲሆን፣ አጀማመሩ ራዲዩምን ለዓለም ካስገኙት ከማዳም ማሪ ኩሪ ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ማሪያ ስክሎዶቭስካ በዋርሶ ከተማ ኖቬምበር 7 ቀን 1867 ተወለዱ። በዚያን ዘመን ዋርሶ በሩሲያ ቄሣር አገዛዝ ሥር ነበረች። አባታቸው የሒሳብና የፊዚክስ መምህር፣ እናታቸው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ። ለወላጆቻቸው አምስተኛና የመጨረሻ ልጅ ናቸው። ገና የዐሥር ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። በዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ሴት መማር ስላልተፈቀደላት፣ ማሪያ ከታላቅ እኅታቸው ከብሮኒያ ጋር ቃል ተጋቡ። ማሪያ በሰው ቤት ልጆች እያስተማሩ ደመወዛቸውን በፓሪስ ሕክምና ለምታጠናው እኅታቸው ይልካሉ፤ እኅታቸውም በተራዋ እሳቸውን ትረዳለች። ቃሉም ተጠበቀ። ማሪያ በ1891 በሃያ አራት ዓመታቸው ፓሪስ ገብተው በሶርቦን ተመዘገቡ። በብርድና በጥቂት ምግብ እየተማሩ በ1893 በፊዚክስ ፈተና አንደኛ፣ በ1894 በሒሳብ ሁለተኛ ሆነው አለፉ። በ1895 ፒየር ኩሪ የተባሉትን የፊዚክስ ሊቅ አገቡ።

በ1897 የመጀመሪያ ልጃቸው ኢሬን ተወለደች። በዚያው ዓመት ፈረንሳዮች ከጅቡቲ ወደ ኢትዮጵያ የሚያወጣውን የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ። ማዳም ኩሪም ለዶክተርነት ማዕረግ የሚሆን ጥናት ይፈልጉ ነበር። ከዚያ በፊት ሬንትገን በ1895 ኤክስ ሬይን፣ ቤክሬል በ1896 ከዩራኒየም የሚወጣውን ጨረር አግኝተው ነበር። ማዳም ኩሪ የቤክሬልን ጨረር መርጠው ኃይሉን በሚለካ መሣሪያ አንድ በአንድ መረመሩ። ፒችብሌንድ የሚባለው የማዕድን ድንጋይ በውስጡ ካለው ዩራኒየም ይልቅ እጅግ የበለጠ ጨረር እንደሚሰጥ ባዩ ጊዜ፣ ገና ያልታወቀ ነገር እንዳለበት ተረዱ። ፒየርም የራሳቸውን ሥራ ትተው ከባለቤታቸው ጋር ተባበሩ። በ1898 በጁላይ ወር ፖሎኒየምን፣ በዲሴምበር ወር ራዲዩምን ለሳይንስ አካዳሚ አስታወቁ። የመጀመሪያው ስም የተሰጠው በዚያን ጊዜ በካርታ ላይ ላልነበረችው ለፖላንድ መታሰቢያ ነው።

የሳይንስ ሰዎች ራዲዩምን በእጃቸው ይዘው ካልመዘኑት በቀር የሚያምኑ አልሆኑም። ስለዚህ በፓሪስ በሎሞን መንገድ በሚገኘው የፊዚክስና የኬሚስትሪ ትምህርት ቤት ጣራው ዝናብ በሚያስገባ አሮጌ ዳስ ውስጥ ሥራው ተጀመረ። በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ግዛት ከነበረው ከዮአኪምስታል ማዕድን ቆፋሪዎች ጥለውት የነበረው ትራፊ በጆንያ ተጭኖ በብዙ ቶን መጣ። ማዳም ኩሪ በትልቅ ድስት እያፈሉ፣ ቁመታቸውን በሚያህል የብረት ዘንግ እያማሰሉ፣ እያጠለሉና እያጠሩ ወደ አራት ዓመት ያህል ደከሙ። በ1902 ከዚያ ሁሉ ቶን አንድ አሥረኛ ግራም ንጹሕ የራዲዩም ጨው አወጡ። ሌሊት ወደ ዳሱ ሲገቡ በየመደርደሪያው ያሉት ብልቃጦች በጨለማ ሲያበሩ እያዩ ይደሰቱ ነበር።

በዚህ ዘመን የተጻፉት ደብተሮቻቸው ለማንኛውም ሒሳብ ያዥ ምሳሌ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። የተፈላው፣ የተጣራውና የቀረው እስከ ሚሊግራም ድረስ በቀኑና በሰዓቱ ተጽፏል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ዓምድ ውስጥ አንድ ሒሳብ ጎደለ። ይኸውም በሁለቱ ሊቃውንት ገላ ውስጥ ያለፈው ጨረር ነው። የጣቶቻቸው ጫፍ ደርቆ ተላጠ፤ ድካሙም እየበረታባቸው ሄደ፤ እነሱ ግን ምክንያቱን የሥራ ብዛት ያደርጉት ነበር። ፒየር ራዲዩምን በክንዳቸው ላይ አስረው የተነሣውን ቁስል ቀን በቀን አጥንተዋል፤ ቤክሬልም ብልቃጡን በሰደርያ ኪሳቸው ይዘው በመዞራቸው ተቃጥለዋል። ከዚሁም ቁስል የነቀርሳን ዕባጭ በራዲዩም የማከም ሐሳብ ተወለደ። ቆዳን የሚያቆስለው ነገር ደምንና የአጥንትን መቅኒ እንደሚጎዳ ግን በጊዜው ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር።

ራዲዩም ወዲያው የንግድ ዕቃ ሆነ። ባልና ሚስቱ የማውጣቱን ዘዴ በፓተንት አስጠብቀው ሊበለጽጉ ይችሉ ነበር፤ ሆኖም ዕውቀቱ የሁሉ ነው ብለው ለጠየቃቸው ሁሉ ገለጹ። በ1903 ከቤክሬል ጋር የኖቤልን ሽልማት በፊዚክስ ተካፈሉ። በኤፕሪል 19 ቀን 1906 ፒየር በፓሪስ መንገድ ሲሻገሩ በፈረስ የሚጎተት የጭነት ጋሪ ገጭቷቸው ሞቱ። ማዳም ኩሪ ሁለት ሴቶች ልጆች ይዘው ቀሩ። ዩኒቨርሲቲው የባለቤታቸውን ሥራ ሰጣቸውና በሶርቦን ለማስተማር የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በ1911 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ በጥቂት ድምፅ ብልጫ አባልነትን ሲከለክላቸው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ስዊድን በኬሚስትሪ ሁለተኛውን የኖቤል ሽልማት ሰጠቻቸው።

የንግድ ሰዎች በተለይ ሊያስታውሱት የሚገባ ሌላ ሥራ በዚሁ ዓመት ፈጽመዋል። ራዲዩም እጅግ ውድ ስለ ነበረ ሻጩ የሚለውን ገዢው የሚያረጋግጥበት ሚዛን ያስፈልግ ነበር። በ1910 በብሩክሰል የተሰበሰቡት ሊቃውንት መለኪያ የሚሆን ናሙና እንዲያዘጋጁ ለማዳም ኩሪ አደራ ሰጡ። እሳቸውም በ1911 ሃያ ሁለት ሚሊግራም ያህል ንጹሕ የራዲዩም ክሎራይድ በመስተዋት ቱቦ ውስጥ አሽገው አስረከቡ። ናሙናው ሜትርና ኪሎግራም በሚጠበቁበት በሴቭር፣ በዓለም አቀፍ የሚዛንና የመለኪያ ቢሮ ተቀመጠ። የእሳቸውም ላቦራቶሪ ለሽያጭ የሚቀርበውን ራዲዩም እየለካ የምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር። እንግዲህ ዕቃው ሚዛንና ወረቀት አገኘ፤ ዕቃውን የሚነካው ሰው ግን ገና መለኪያ አልነበረውም።

በ1914 ጦርነት ሲነሣ ማዳም ኩሪ በፈረንሳይ የነበረውን አንድ ግራም ራዲዩም በእርሳስ ሣጥን ይዘው በባቡር ወደ ቦርዶ ወሰዱት፤ ከዚያም ወደ ፓሪስ ተመለሱ። የቆሰሉት ወታደሮች ጥይቱ በገላቸው ውስጥ የት እንዳለ ሳይታወቅ ይቀደዱ ስለ ነበረ፣ ኤክስ ሬይ የተጫነባቸው መኪናዎች እንዲዘጋጁ ከባለጸጎችና ከመንግሥት ለመኑ። ሃያ ያህል መኪናዎችና ሁለት መቶ ያህል ቋሚ የምርመራ ክፍሎች አቋቋሙ። ራሳቸው መኪና መንዳትና የሰውን አካል አሠራር ተማሩ። ልጃቸው ኢሬንም ገና በዐሥራ ሰባት ዓመቷ ከሥራው ገባች። በእነዚህ መሣሪያዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወታደሮች እንደ ተመረመሩ ይነገራል።

መሣሪያው ቢገኝም የሚያሠራው ሰው አልነበረም። ማዳም ኩሪ ማንኛዋም እጇ የቀና ሴት መኪናውን ትነካ ዘንድ አልፈቀዱም፤ ትምህርት ቤት ከፈቱ እንጂ። ከ1916 ጀምሮ በፓሪስ አንድ መቶ አምሳ ያህል ሴቶች በየቡድኑ እየገቡ የኤሌክትሪክን ነገር፣ የኤክስ ሬይን አሠራር፣ የአካልን ጥናትና የፎቶግራፍ ሥራ ተማሩ። ትምህርቱን የፈጸሙት ወደ ጦር ሜዳ ሆስፒታሎች ተላኩ። የጅቡቲ ባቡር በ1917 አዲስ አበባ በገባ ጊዜ እነዚህ ሴቶች በፈረንሳይ ግንባር ሥራ ላይ ነበሩ። ጨረርን ለሚይዝ ሠራተኛ አስቀድሞ የተዘጋጀ ትምህርት ከተሰጠባቸው ከመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዱ ይህ ነው። ሆኖም ትምህርቱ ስለ መሣሪያው ብዙ ቢናገርም ስለ ሠራተኛዋ ጤና የነበረው ጥንቃቄ ገና ደካማ ነበር፤ መከላከያውም ጓንትና የብረት ጋሻ ብቻ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ የራዲዩም ዋጋ በአንድ ግራም አንድ መቶ ሺህ ዶላር ደረሰ። የአሜሪካ ሴቶች ይህን ገንዘብ አዋጥተው፣ በ1921 ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ አንዱን ግራም በዋይት ሃውስ ለማዳም ኩሪ አስረከቡ። ራዲዩም በዚያን ዘመን የጤና ውሃና የፊት ቅባት ተብሎ ይሸጥ፣ በጨለማ ለሚያበሩ ሰዓቶች ቀለም ይሆን ነበር። በኒው ጀርሲ የሰዓት ፋብሪካ የሚሠሩት ልጃገረዶች የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እንዲያሾሉ ታዘዙ። ብዙዎቹ መንጋጋቸው እየበሰበሰና ደማቸው እያነሰ ሞቱ፤ ለአምስቱ ካሣ የተወሰነው በ1928 ነው። በፈረንሳይም በ1925 በጃንዋሪ ወር ደማልንደርና ደምኒትሩ የተባሉ፣ ለሕክምና የሚሆን የቶሪየም ውጤት የሚያዘጋጁ ሁለት መሐንዲሶች በጥቂት ቀናት ልዩነት በደም ሕመም ሞቱ።

ሞታቸው በፓሪስ ብርቱ ድንጋጤ አስነሣ። ማዳም ኩሪም ከሕክምና ሊቃውንት ጋር ሆነው ስለ መከላከያው መከሩ። በራዲዩም ኢንስቲትዩታቸው ሕግ ጸና። ብልቃጥ በጉጠት እንጂ በእጅ አይነካም፤ ሠራተኛው በእርሳስ ጋሻ በስተጀርባ ሆኖ ይሠራል፤ የሁሉም ደም በየጊዜው ተመርምሮ ውጤቱ ይያዛል፤ ደሙ የቀነሰበትም ዕረፍት እንዲወስድ ይደረጋል። በዳሱ ዘመን የጎደለው የመዝገብ ዓምድ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ተከፈተ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሕጉን ለተማሪዎቻቸው አጥብቀው ያዘዙት ሊቅ ለራሳቸው አላጠበቁትም። ልጃቸው ኤቭ እንደ ጻፈችው የደም ምርመራውን በግድ ይቀበሉ ነበር፤ ደማቸው ጤናማ አለመሆኑ ሲነገራቸውም ቸል ይሉ ነበር። ከብዙ ዓመት ልማድ የተነሣ ብልቃጡን በባዶ ጣታቸው መያዝ አልተዉም። ዓይኖቻቸው በሞራ ተሸፍነው ደጋግመው ተቀደዱ፤ ይህንንም ከሰው ደበቁት። በ1934 ኃይለኛ ትኩሳት ይዟቸው በሳቮይ ተራራ ወደሚገኘው የሳንሴልሞ የሕሙማን ማረፊያ ተወሰዱ። በጁላይ 4 ቀን በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ሐኪሞቹም መቅኒያቸው ደም መሥራት እንዳቆመና ምክንያቱም ለብዙ ዘመን የተከማቸ ጨረር ሳይሆን እንዳልቀረ ገለጹ።

በ1928 በስቶክሆልም የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የኤክስ ሬይና የራዲዩም መከላከያ ኮሚቴ፣ እሳቸው በሞቱበት በ1934 ዓ.ም. ጤነኛ ሰው ሊሸከመው ይችላል ያለውን የኤክስ ሬይ መጠን በቀን ሁለት አሥረኛ ሬንትገን ብሎ ወሰነ። ዛሬ ሠራተኛ በዓመት እንዲቀበል የሚፈቀደው አማካይ መጠን ሃያ ሚሊሲቨርት ሲሆን፣ ያን ጊዜ ይፈቀድ የነበረው በዐሥር ቀን ውስጥ ይህንኑ ያህላል። ወሰኑ እንዲህ ሊጠብ የቻለው ሠራተኞች እየተመዘገቡና ለብዙ ዓመታት ጤናቸው እየታየ በመሄዱ ነው። ያለ መዝገብ ሞቱ ይታያል፤ ምክንያቱ ግን አይታወቅም።

የቤተ ሰባቸውና የተማሪዎቻቸውም ዕጣ ይህንኑ ይመሰክራል። ኢሬን በ1956 በደም ነቀርሳ ሞቱ። በ1929 ረዳት ሆነው የተቀጠሩትና በ1939 ፍራንሲየምን ያገኙት ማርገሪት ፔሬ፣ በ1962 ያ ማዳም ኩሪን ያልተቀበለው የሳይንስ አካዳሚ ተጓዳኝ አባል አድርጎ የመረጣቸው የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ በ1975 ግን ለብዙ ዓመታት ባሠቃያቸው ነቀርሳ ሞቱ። በ1995 የማዳም ኩሪ ዐፅም ወደ ፓንቴዎን ሲዛወር የሬሳ ሣጥናቸው ተመረመረ። የተገኘው የራዲዩም መጠን ከተጠበቀው ያነሰ ስለ ነበረ፣ ሊቃውንቱ በይበልጥ የጎዳቸው በጦርነቱ ጊዜ ያለ በቂ መከላከያ የሠሩበት ኤክስ ሬይ ሳይሆን አይቀርም ወደሚል ግምት አዘነበሉ። በሥራ ዘመናቸው የተያዘ የጨረር መዝገብ ቢኖር ኖሮ ግምት ባላስፈለገ ነበር። ደብተሮቻቸው በፓሪስ በእርሳስ ሣጥን ተቆልፈው ይጠበቃሉ፤ የራዲዩም ኃይል ወደ እኩሌታው የሚወርደው በ1,600 ዓመት ነውና።

ይህ ነገር ከቀይ ባሕር ዳር የራቀ አይደለም። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በተመሠረተበት በ1957 አባል ሆናለች፤ ጅቡቲም በ2015 ገብታለች። በኢትዮጵያ የጨረር መከላከያ አዋጅ በ1993 የወጣ ሲሆን ከዚያ በኋላ በአዳዲስ አዋጆች ተተክቷል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የነቀርሳ ሕሙማን በኮባልት ጨረር ታክመዋል፤ በቃሊቲም የገንዲን በሽታ የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ በጨረር የማምከን ሥራ ተቋቁሟል። የመንገድና የሕንፃ ሥራ ተቋራጮች የአፈሩን ጥብቀት የሚለኩባቸው አንዳንድ መሣሪያዎችም በውስጣቸው ጨረር አመንጪ አላቸው። እንግዲህ ጉዳዩ የሐኪም ብቻ ሳይሆን የአስመጪውም፣ የመጋዘን ኃላፊውም፣ ፈቃድ ሰጪውም ሹም ነው።

ዓለም አቀፉ ደንብ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ሠራተኛው ዕቃውን ከመንካቱ በፊት ይማር፤ ትምህርቱም በየጊዜው ይታደስ፤ ስሙና የሥራው ዓይነት ይመዝገብ፤ በደረቱ መለኪያ ይያዝና የተነበበው ቁጥር በስሙ ይጻፍ፤ መሥሪያ ቤት ሲለውጥም መዝገቡ ይከተለው። መዝገቡ ሰውየው ሰባ አምስት ዓመት እስኪሞላው፣ ቢያንስም ሥራውን ከተወ በኋላ ሠላሳ ዓመት ድረስ መጠበቅ አለበት። ነጋዴ የዕዳ ደብተር ከዚህ ላነሰ ነገር ይጠብቃል።

ከሁሉ የሚከፋው ዕለት ሠራተኛን ያለ ስምና ያለ ትምህርት ወደ እንደዚህ ያለ ሥራ ማስገባት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከዓመታት በኋላ ቢታመም የት እንደ ሠራ የሚያስረዳለት ወረቀት፣ ካሣ የሚጠይቅበትም ማስረጃ አይኖረውም። ማዳም ኩሪ ሁለት ጊዜ ኖቤል የተሸለሙ፣ ራዲዩምን ከማንም ይልቅ የሚያውቁ ሊቅ ነበሩ፤ ዕውቀታቸው ብቻውን አላዳናቸውም። ለሌሎች የሠሩት ትምህርት ቤትና ያጸኑት የምርመራ ሕግ ግን እስከ ዛሬ በየአገሩ ሰውን ያድናል። በወደብም ሆነ በላቦራቶሪ መዝገቡን የሚከፍተው ጸሓፊ የእሳቸውን ሥራ ይቀጥላል፤ ዓምዱን ባዶ የሚተወውም ስሕተታቸውን ይደግማል።